የሙላቱ መንገድ

እህቴን ውድነሽን ከጉማሬ አፍ አስጥሎ የሞተውን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ጉማሬው አፉን ከፍቶ ከውሃው ሲወጣ፣ ጋሽ ሙላቱ ዘሎ በመሃል ሲገባ፣ ውሃው ሲቀላ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ለፖሊስ ተናግሬያለሁ፣ ለመንደሩ ሰው ተናግሬያለሁ፣ ለክፍል ጓደኞቼም እስኪሰለቻቸው ድረስ አውርቻለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ እውነት መስሎኝ ኖርኩ።

ሐይቁ ከባምባሲ ብዙም አይርቅም። ወንዙ በግድብ ሲታገድ ሸለቆው ውሃ ሞላና ቀርከሃ የለበሰው ኮረብታ ከዳር ቀረ። አንድ የግል ድርጅት ቦታውን ተከራይቶ መዝናኛ አደረገው። የሣር ዳስ ተሠራ፣ ዓሣ መጥበሻ ተከፈተ፣ ኮረብታውን ዞረው ውሃው ዳር የሚያወርዱ የእግር መንገዶች ወጡ። መንገዶቹን ያወጣው አባቴ ፈንታ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው። ሐይቁ ሲሞላ የእርሻችን ግማሽ ስለሰመጠ መዝናኛው ውስጥ ሥራ ሰጡት። ቀኑን ሙሉ በገጀራ ቀርከሃ ሲመነጥር፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ድንጋይ ሲደረድርና ኖራ ሲቀባ ይውላል። እሁድ እሁድ ከአሶሳ በሚኒባስ የሚመጡት ተማሪዎችና ሙሽሮች ነጩን ድንጋይ እየተከተሉ ኮረብታውን ይወጣሉ። ሲወርዱ ደግሞ በዋሊድ ጀልባ ይሳፈራሉ። ዋሊድ የአገሩ ሰው፣ በርታ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የማይበዛው። እሱና አባቴ ዓሣቸውን አብረው ጠብሰው አብረው ይበሉ ነበር።

የእኔ ልብ ግን ጋሽ ሙላቱ ዘንድ ነበር።

ጋሽ ሙላቱ የመዝናኛው የጥበቃ ኃላፊ ነው። ወታደር ነበር። ክላሹን እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲሄድ እንግዶቹ ሳይቀሩ መንገድ ይለቁለታል። እኔን አንገቱ ላይ አስቀምጦ በሐይቁ ዳር ያንሸራሽረኛል፤ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ይሰጠኛል፤ እኔም ቀለሁን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አፏጫለሁ። አባቴ አንገቱ ላይ አስቀምጦኝ አያውቅም። ሲመሽ እጁ በኖራ ተልጦ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይተኛል።

አንድ እሁድ ጦጣ ከአንድ ሕፃን እጅ ዳቦ ነጥቃ ዛፍ ላይ ወጣች። ጋሽ ሙላቱ ተኮሰ። ጦጣዋ ወደቀች እንጂ አልሞተችም። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሰው ቁጭ አለች፤ ጣቶቿ መሃል የወጣውን ነገር መልሳ ልታስገባ ትሞክራለች። አንዲት ሴት ዓይኗን ሸፍና ጮኸች። ጋሽ ሙላቱ ሄዶ በቡትሱ ጭንቅላቷን ረገጠው። እኔ አጨበጨብኩ። ዳቦው ለሕፃኑ ተመለሰ፣ ጉዳዩ በእኔ ቤት በዚህ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ነው ዋሊድ የተመታው። ጀልባው አጠገብ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ነበር። ጋሽ ሙላቱ በክላሹ ሰደፍ አፉን መታው፣ እንደገና መታው፣ ሲወድቅ ጎኑን በእግሩ አለው። ዋሊድ እጁ ላይ ተፋና የተፋውን አየ፤ ጥርሱ ነበር። አባቴ ገጀራውን እንደያዘ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። አልተነቃነቀም። መሬት መሬት ያያል።

"ምን አድርጎ ነው?" አልኩ።

"ሌባ ነው" አለኝ ጋሽ ሙላቱ፣ በዓይኑ ጠቀስ አድርጎኝ። "የኔን ነገር ሰርቆ በጀልባው አሻግሯል።"

ዋሊድ ሌባ መሆኑን፣ አባቴም ፈሪ መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። በጀልባው የተሻገረችው እህቴ ነበረች። ውድነሽ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ዓሣ ቤቱ ውስጥ ታስተናግዳለች። ሙላቱ ከሥራ ስትወጣ መንገድ ላይ ሲጠብቃት ዋሊድ አይቶ፣ በውሃው በኩል አሳፍሮ እቤት አደረሳት፤ የተመታው ለዚህ ነው። ይህን ያወቅሁት አድጌ ነው።

በዚያው ሰሞን እናቴና አባቴ ጓሮ ሆነው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"ሽማግሌ ልኳል" አለ አባቴ።

"እምቢ በላ!"

"እምቢ ብያለሁ። ልጅቷም እምቢ ብላለች።"

"ታዲያ ምን ትፈራለህ?"

"ይወስዳታል። ፊት ለፊቴ ቆሞ ነው የነገረኝ። በፈቃድ ካልሆነ እወስዳታለሁ አለኝ።"

"ለሕግ አትነግርም?"

"ሕጉ ከማን ጋር ቁጭ ብሎ እንደሚጠጣ አታዪም?"

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሽ ሙላቱ እህቴን ሊወስዳት ነው። ወዴት? አሶሳ ይሆናላ! በሚኒባስ፣ በመስኮት በኩል ቁጭ ብላ፣ ለስላሳ እየጠጣች። ዘልዬ ገባሁና "እኔንም ይውሰደኝ!" አልኩ። እናቴ በጥፊ አለችኝ። ከዚያ በፊት እጇን አንስታብኝ አታውቅም። ወዲያው ደግሞ አቅፋኝ አለቀሰች። ነገሩ ሁሉ ግራ ገባኝ፤ ለአንድ የአሶሳ መንገድ ይህን ያህል!

የዚያን ሳምንት ረቡዕ ሙላቱ አሶሳ ሄዷል ተባለ። እንግዳም አልነበረም። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ነበር። አባቴ በኮረብታው ማዶ ዝናቡ ያፈረሰውን መንገድ ሊጠግን በማለዳ ወጥቷል። እናቴ ለውድነሽ ምሳውን ቋጠረችላት፤ እጀታው ተሰብሮ የተጠገነውን ገጀራም "ይፈልገዋል፣ አድርሺለት" አለቻት። እኔ ተከተልኩ። ቀርከሃው ከላይ ተጋጥሞ መንገዱን እንደ ጣሪያ ሸፍኖታል፤ ንፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ያቆረውን ውሃ አንገታችን ላይ ያራግፋል። ውድነሽ ትስቅ ነበር። እንደዚያ ቀን ጠዋት ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

መንገዱ ጉማሬው ወደሚኖርበት የሐይቁ ጥግ ሲታጠፍ ጋሽ ሙላቱ ከቀርከሃው መሃል ወጣ።

"እፁ! የኔ አንበሳ!" አለኝ። ክላሹን ቀርከሃ ላይ አስደግፎት ነበር። "ታች ውረጂና ጉማሬው ብቅ ሲል ጩሂልኝ። ዛሬ ተኩሼ አሳይሻለሁ።"

ደስታዬን አልችለውም። እህቴን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ምሳውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ሂጂ፣ እፁ" አለችኝ። "ውረጂ። ወደ ኋላ እንዳታዪ።"

ጨዋታ መሰለኝ። ዓይኖቼን ወደ ፊት ብቻ አድርጌ፣ ድንጋዩን እየዘለልኩ ወረድኩ።

ጉማሬው ነበረ። ጆሮዎቹና የዓይኖቹ ጉብታ ብቻ ከውሃው በላይ ይታያሉ። ልጮህ አፌን ስከፍት ከላይ እህቴ ቀድማኝ ጮኸች። የጋሽ ሙላቱን ሳቅ ሰማሁ። ልብስ ሲቀደድ ሰማሁ። "ዝም በይ! ዛሬ የምታመልጪኝ መስሎሻል?" ሲል ሰማሁ፤ ጉማሬውን የሚያናግር መሰለኝ። ቀርከሃ ይሰበራል፣ ሰው ይወድቃል፣ ይነሳል። ቀጥሎ እርጥብ ግንድ በመጥረቢያ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ቆይቶ ሌላ። ከዚያ ደግሞ የማላውቀው ጩኸት ተሰማ፣ ወፍራምና በመሃል የተቆረጠ። የሰው ድምፅ አይመስልም። ጉማሬው ደነገጠ፤ አፉን በሰፊው ከፍቶ አጓራና ገባ።

ውድነሽ እየተንከባለለች ወረደች። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ተቀዷል፤ ከፊቷ እስከ ሆዷ ደም ነው። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ገጀራውን እንደያዘች ውሃው ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ውሃው ዙሪያዋን ቀላ።

"ጉማሬው ነከሰሽ?" አልኳት።

በሚያየው ዓይኗ አየችኝ።

"አዎ" አለች።

"ጋሽ ሙላቱስ?"

"ጋሽ ሙላቱ" አለችና ተነፈሰች። "አስጣለኝ።"

ዛሬ ሳስበው ያን ታሪክ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እሷ ያደረገችው አዎ ማለት ብቻ ነው።

ጩኸቱን ሰምቶ አባቴ በላይ በኩል እየሮጠ መጣ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቆመ። ያየውን አይቶ ኖራ በተቀባው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ዋሊድ ደግሞ በውሃው በኩል በጀልባ ደረሰ። ወጥቶ ወደ ላይ ሄደና ተመለሰ። ሻሹን ከራሱ ፈትቶ ለውድነሽ ጀርባዋ ላይ አለበሳት።

"አትፍራ፣ ውድነሽ" አላት፤ ሴትንም ወንድንም በአንድ ዓይነት ነበር የሚያናግረው። "እኔ አለ። አትፍራ።"

አባቴ ከላይ ሆኖ "እኔ ነኝ የገደልኩት እላለሁ። እጄን እሰጣለሁ" አለ።

"አንተ ይታሰራል። ከዚያ እሱ ዘመድ ይመጣል፣ ልጅ ይገድላል። ወላሂ ይገድላል።" ዋሊድ ወደ እኔ አየ። "ሕፃን ጉማሬ አለ። ሰማህ ፈንታ? ሕፃን ጉማሬ አለ።"

ሕፃን ጉማሬ! ዞሬ ውሃውን ማየት ጀመርኩ። የት ነው ያለው? ዋሊድ ያለው ሌላ ነው፤ ሕፃኗ ጉማሬ ነው ብላለች፣ እኛም ጉማሬ ነው እንበል ማለቱ ነበር። እኔ ግን የጉማሬውን ግልገል በዓይኔ እየፈለግሁ ሁለቱ ሰዎች ከላይ ምን ተሸክመው እንደወረዱ አላየሁም።

አባቴ አጠገቤ መጥቶ ተንበረከከ። "ጉማሬ ነው፣ እሺ? ጉማሬውን አይተሻል።"

"አይቻለሁ" አልኩ። አይቼዋለሁ እኮ።

ጀልባዋ ወደ ውሃው መሃል ሄደች። ሞተሩ ሲጮህ ይሰማኛል። ወደ ፊት አይሄድም፤ አንድ ቦታ ላይ ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይዞራል። ዋሊድ ጋሽ ሙላቱን ለማዳን ከጉማሬው ጋር እየተዋጋ ነው ብዬ ጸለይኩለት። ሞተሩ ሲጠፋ ዋሊድ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያስመልስ አየሁት። በማግስቱ አስከሬኑን ያወጡት ሰዎች ጉማሬው እንዴት እንደቆራረጠው እያወሩ ያማትቡ ነበር። የቆራረጠው የጀልባዋ ሞተር ነው። ከእኛ ቤት ሰዎችና ከዋሊድ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ከቤቱ ሰው አልተቆጠርኩም።

ፖሊሱ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጠየቀኝ። የነገርኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። ጉማሬው እህቴን በቀሚሷ ይዟት፣ ጋሽ ሙላቱ መሣሪያውን ጥሎ በባዶ እጁ ዘሎ፣ አፉን በሁለት እጁ ይዞ። በነገርኩ ቁጥር ይበልጥ ጠርቶ ታየኝ። የሙላቱ ጓደኞች አለቀሱ። "ወንድ ነበር!" አሉ።

ከቀብሩ በኋላ ጉማሬውን ሊገድሉት ወጡ። ከአራቱም አቅጣጫ ሰው መጣ፤ መሣሪያ ያለው በመሣሪያ፣ የሌለው በጦርና በመጥረቢያ። ከረፋዱ ጀምሮ ውሃው ላይ ተኮሱበት። ጉማሬው ደም እየተፋ ብቅ ይላል፣ ይገባል፣ ብቅ ይላል። ከሰዓት በኋላ አቅቶት ወደ ሣሩ ወጣና በፊት እግሮቹ ተንበረከከ። ያኔ ሁሉም ላዩ ላይ ወረደበት። ዓይኑን በጦር አወጡት። አንዱ በመጥረቢያ ጀርባውን ሲመታው መጥረቢያው ተይዞ ቀረ፤ ጉማሬው መጥረቢያውን ይዞ ተነሳ፣ ሰዉ ተበተነ፣ ደግሞ ተመለሰ። እንደ ሰው ያቃስት ነበር። እኔ ዛፍ ላይ ሆኜ "በለው! በለው!" እላለሁ። ግልገሉንም ፈለግሁት፤ አልነበረም።

መጨረሻው ላይ ለአባቴ ጦር ሰጡት። "ልጅህን የነከሰ ነው፤ ጨርሰው" አሉት። አባቴ ጦሩን የጉማሬው አንገት ውስጥ ከተተውና እዚያው ጦሩ ላይ ተደግፎ እየጮኸ አለቀሰ። ሰው ሁሉ በደስታ ነው አለ። ከውሃው ማዶ የመጡ ሰዎች ሥጋውን ተከፋፍለው ሄዱ። ሣሩ ላይ የቀረውን አሞራ ሰፈረበት።

ድርጅቱ የቀርከሃውን መንገድ በስሙ ሰየመው። መታጠፊያው ላይ የብረት ሰሌዳ ቆመ፤ "የሙላቱ መንገድ፤ ሕይወቱን ለሌላ የሰጠ ጀግና" ይላል። እንግዶች ቆመው ፎቶ ይነሱበት ነበር። አባቴ በየሳምንቱ በዙሪያው ያለውን ሣር ያጭዳል። እህቴ በዚያ መንገድ አልሄደችም። ጥቁር እንድትለብስ ተደረገ፤ ለበሰች። የሙላቱ እናት እማማ ይታይሽ በቀብሩ ቀን ሕዝቡን ጥሰው መጥተው አንገቷ ላይ ወደቁ። "ልጄ የሞተልሽ ልጄ ነሽ" አሏት። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ከሙት ዓመቱ በኋላ ውድነሽ ጓዟን ጠቅልላ ባምባሲ እሳቸው ቤት ገባች። ውሃ ስትቀዳላቸው፣ ስታጥባቸው፣ ሲያማቸው ሐኪም ቤት ስትወስዳቸው ኖረች። አላገባችም። እኔ ውለታ እየመለሰች መሰለኝ፤ ኮራሁባት።

አባቴ ሞተ። ዋሊድም ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ሲቀብሩት ውድነሽ ከልጆቹ እኩል አለቀሰች። ከዚያ እማማ ይታይሽም አረፉ። እኔ አሶሳ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ወለድኩ። ውድነሽ ልታርሰኝ መጣች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገንፎ እያማሰለች ሳለ፣ ደስ ይላታል ብዬ ያቆየሁትን ነገርኳት።

"ስሙን ወስኛለሁ። ሙላቱ ልለው ነው።"

ማማሰያው ቆመ። ድስቱን ከእሳቱ አወረደችና እጇን በመቀነቷ ጠረገች።

"አይሆንም።"

"ላንቺ ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ለእኔ ብለሽ ከሆነማ ጭራሽ አይሆንም።"

በሩን ዘጋችና ቆማ ነገረችኝ። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። መሬት ላይ እንዴት እንደጣላት፣ በጉልበቱ ደረቷ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ገጀራው በየት በኩል እጇ እንደገባ፣ አንዴ ስትመታው እንዴት እንደሳቀ፣ ሁለተኛው ያረፈበትን ቦታ። እኔ ጡቴ ላይ ያለውን ልጅ ጥብቅ አድርጌ ይዤ "አይቻለሁ እኮ!" አልኩ። "ጉማሬውን አይቻለሁ!"

"ጉማሬው ከውሃው አልወጣም፣ እፁ። አንድም ሰው ነክቶ አያውቅም።"

ያን ጊዜ እንኳ ዓይኔን ስጨፍን ጉማሬው አፉን ከፍቶ፣ ሙላቱ በመሃል ገብቶ ነበር የሚታየኝ። እሷ ያለችው ቦታ ላይ ግን ሌላ ድምፅ ነበረኝ፤ እርጥብ ግንድ፣ የሚዞር ሞተር፣ "ዛሬ የምታመልጪኝ መስሎሻል?" የሚል። ለአርባ ደቂቃ ይሁን ለሁለት ሰዓት አላውቅም፣ ተቃቅፈን ተቀመጥን። ገንፎው ደረቀ።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አንቺ አምነሽ ስትናገሪ ነው ሰው ያመነን። ብትዋሺ ያስታውቅብሽ ነበር" አለች። "አሁን አባዬም ዋሊድም የሉም። የሚታሰር የለም፤ እኔ ካልሆንኩ። ከፈለግሽ ተናገሪው። ደክሞኛል።"

ልጄን አምላኩ ብላ የሰየመችው እሷ ናት። ክርስትና በተነሳ ቀን እንግዶቹ ሲሸኙ በረንዳው ላይ ብቻችንን ቀረን። ለሳምንታት አፌ ላይ የነበረውን ያን ጊዜ ጠየቅኋት።

"እማማ ይታይሽ ግን ምንም ሳያውቁ ሞቱ?"

ሕፃኑን ከእጄ ወስዳ ትከሻዋ ላይ አስተኛችው።

"ሊሞቱ ሰሞን ገላቸውን ሳጥባቸው እጄን ያዙኝ" አለች። "ልጄን ሳይቀበር ገልጬ አይቼዋለሁ፤ የጉማሬ ጥርስ ሳይሆን ስለት ያረፈበት አንድ ቁስል አንገቱ ላይ ነበር አሉኝ። እንግዲያው ለምን ዝም አሉ፣ ለምንስ ልጄ ብለው አቀፉኝ አልኳቸው።"

"ምን አሉሽ?"

ውድነሽ የሕፃኑን ጀርባ ቀስ እያለች መታ መታ አደረገች።

"የሙላቱ አባት እኔንም የወሰደኝ ውሃ ስቀዳ ነው አሉኝ። እጄ ላይ ከእንስራ በቀር ምንም አልነበረም።"